የደመወዝ ቀንን ይዞ ቤት መፈለግ፦ ለአዲስ የመንግሥት ሠራተኛ

የቅጥር ደብዳቤህን ከተቀበልክ ገና ሳምንትህ ነው እንበል። ከቤተሰብ ቤት ወይም ከጓደኛ ሶፋ ተነስተህ የራስህን በር መቆለፍ አምሮሃል። ደመወዙ ትንሽ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አከራዩም ያውቃል፣ ደላላውማ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል። ግን አንድ ነገር አለው፤ ቀኑ ይታወቃል። ነጋዴው ጓደኛህ በአንድ ወር ያንተን የሦስት ወር ያገኝና በሚቀጥለው ወር ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። አንተ የዛሬ ዓመት በዚህ ሰሞን ስንት እንደምትቀበል ከአሁኑ መናገር ትችላለህ። ለአከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ስትፈልግ ይዘኸው የምትወጣው መደራደሪያም እሱ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ከእሱ የሚመዘዝ ነው።

(«አንተ» እያልኩ የምጽፈው ብዕሬ እንዳይንገዳገድ ነው። አንቺም እዚሁ ውስጥ ነሽ።)

ደረጃ 1፦ እጅህ የሚገባውን ብቻ ቁጠር

ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ያልተጣራው ደመወዝ ነው። ግብሩ፣ የጡረታ መዋጮው፣ እንደየመሥሪያ ቤቱም ሌላ ሌላው ተቆርጦ እጅህ ላይ የሚያርፈው ሌላ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ቁጥር በጀት ከሠራህ ገና ሳትጀምር ተበልተሃል። በአንተ ደረጃ ያለ የቆየ ባልደረባ ፈልግና «በእጅ የሚገባው ስንት ነው?» ብለህ ጠይቀው። አያሳፍርም። የመንግሥት የደመወዝ ስኬል ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።

የውሎ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በጀትህ ውስጥ አይግቡ። አበል ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይበልህ፣ በእሱ ላይ ግን ኪራይ አትመሥርት።

ከዚያ «ኪራይ ከገቢህ 30 በመቶ አይብለጥ» የሚባለው ምክር አለ። ምንጩን ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የመንግሥት ቤት ተከራዮች ከገቢያቸው ከ25 በመቶ በላይ ለኪራይ እንዳይከፍሉ ገደበ። በ1981 ጣሪያው ወደ 30 ከፍ ተደረገ። ቁጥሩ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ የዓለም ሁሉ ምክር ሆነ። እንግዲህ አንድ መንግሥት ለራሱ በጀት የወሰነው ቁጥር ነው፤ ለአንተ ተብሎ የተሰላ አይደለም። ደመወዙ ዝቅ ያለ ሰው 30 በመቶውን ከፍሎ በቀረው 70 በመቶ ላይኖርበት ይችላል።

እኔ የምሠራው ተገላቢጦሹን ነው። ከተጣራው ደመወዝ ላይ መጀመሪያ የወር ምግብ፣ ከዚያ መጓጓዣ፣ ከዚያ ስልክና ለቤተሰብ የምልከውን እቀንሳለሁ። ከቀረው ላይ አንድ አሥረኛ ለክፉ ቀን አነሳለሁ። የተረፈው፣ መብራትና ውሃን ጨምሮ፣ የቤት ጣሪያዬ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ካስደነገጠህ ከምግቡ ላይ ሸርፈህ አታሳድገው። ያኔ የምትፈልገው ሙሉ ቤት ሳይሆን ክፍል ነው፤ ወይም የሚጋራህ ሰው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ ኪራዩ በሳምንት ሲጠራ ነው። ብዙ ሰው በአራት አባዝቶ የወሩን ያገኘ ይመስለዋል። ዓመት 52 ሳምንት ስላለው በአራት ያባዛ ሰው በዓመቱ የአራት ሳምንት ኪራይ ይጎድልበታል። በ52 አባዛና ለ12 አካፍል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ወር ነው። ፔሮል፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ማለት ነው፣ ወሩ ሳያልቅ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የገባ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን የሚያየው በሚቀጥለው ወር፣ ተጠራቅሞ ነው። ፋይናንስ ክፍል ሄደህ «የእኔ መቼ ይገባል?» ብለህ ሳትጠይቅ ምንም ነገር ላይ አትፈርም።

ደረጃ 2፦ ርቀትን በደቂቃ ለካ

ራቅ ያለ ቤት ይረክሳል። ያተረፍከውን ገንዘብ ግን በሰዓት መልሰህ ትከፍላለህ። እንቁጠረው። ርካሹ ቤት ለመሄጃ 40 ደቂቃ፣ ለመመለሻም 40 ደቂቃ ይጨምራል እንበል። በወር 22 የሥራ ቀን ካለ 1,760 ደቂቃ ነው፤ 29 ሰዓት ከምናምን። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሦስት ቀን ተኩል በላይ የሥራ ጊዜ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። ያተረፍከውን የኪራይ ልዩነት ለ29 አካፍለውና ሰዓትህን በስንት እየሸጥክ እንደሆነ እየው። ዋጋው ከተስማማህ ሽጥ። ብዙ ጊዜ ግን አይስማማም።

ቼዛሬ ማርኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው በየትኛውም ዘመን በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ በመንገድ ያጠፋል ብሎ ነበር። መጓጓዣው ሲፈጥን ሰው ጊዜውን አያተርፈውም፣ ራቅ ብሎ ይሰፍርበታል። የእኔ ጣሪያ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ሲያልፍ ማታ ቤቴ የምገባው ለመተኛት ብቻ ይሆናል።

ታዲያ መንገዱን እሑድ ቀን አትለካው። እኔ ለካሁት። ሩብ ሰዓት ነበር። ሰኞ ጠዋት ሃምሳ ደቂቃ ሆነና መሥሪያ ቤት በር ላይ እያለከለክሁ ደረስኩ። የአሻራ መፈረሚያዋ ማሽን ደግሞ ትራፊክ የሚባል ነገር አታውቅም። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት እዚያ ሰፈር ሂድና በመግቢያ ሰዓት ወደ ቢሮ ተጓዝ። አንዱ መጓጓዣ ሲቀር ሁለተኛ አማራጭ መኖሩንም እይ። ማታም አንድ ጊዜ ተመለስበት፤ ከፌርማታው እስከ በሩ ያለው መንገድ መብራት አለው ወይ?

ደረጃ 3፦ ፍለጋውን ከቢሮ ጀምር

ጥሩ ክፍሎች ማስታወቂያ ላይ ሳይወጡ ያልቃሉ። የመሥሪያ ቤትህ ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ተላላኪዎች የሰፈሩን ክፍት ቤት ከማንም በላይ ያውቃሉ። የምትፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገራቸው፤ ስንት ክፍል፣ እስከ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። ዝውውር የደረሰው ባልደረባ ካለ ደግሞ የሚለቀው ቤት የመጀመሪያ ዕድልህ ነው። የቤቱን ጉድ ሁሉ ከእሱ ትሰማለህ።

በደላላ ከሄድክ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍለውና የሚከፈለውም ውል ሲፈረም ብቻ መሆኑን ገና ቤት ሳታይ ተነጋገር። በኢንተርኔት ያገኘኸው ቤት ከሆነ አንድ ሕግ በቂ ነው፤ በዓይንህ ሳታየው ሳንቲም አይውጣ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ አንተ ግን ቀብዱን ዛሬ ላክ የሚል ከሆነ ቤቱ የለም። ፎቶውን በምስል ፍለጋ አስገባው፤ ብዙ ጊዜ የሆቴል ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ስታይ ጎንበስ በል

ሰው ቤት ሲያይ ቀና ብሎ ያያል፤ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ቀለሙን። ችግሩ ያለው ታች ነው።

ሁለተኛውን ቤቴን ያየሁት ከሥራ መልስ ነበር። ባለቤቷ ደግ ሴትዮ ናቸው። «ውሃው አያቋርጥም፣ ልጄ፤ ሂሳቡ ግን ትንሽ ይከብዳል። የዚህ ሰፈር ቆጣሪ እንዲህ ነው» አሉኝ። ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘጋሁና ወርጄ ቆጣሪው ፊት ተንበረከክሁ። መስታወቱን በእጅጌዬ ስጠርገው ሥሩ ያለችው ቀይ መዘውር ቀስ እያለች ትዞራለች። አንድ ቧንቧ ያልተከፈተበት ቤት ውስጥ! ሴትዮዋን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና ለረጅም ጊዜ አዩአት። «ውይ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትበላኝ የኖረች አንቺ ነሽ?» የሽንት ቤቱ ገንዳ ነበር። በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ፤ እኔም ቤቱን ተከራየሁ። ለምርመራዬም ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ትንሽ ቀነሱልኝ።

እና ይህን ሁልጊዜ አድርገው። ሁሉን ዝጋ፣ ቆጣሪውን እይ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ እንደገና እይ። ከዞረ አንዱ ቦታ ያፈሳል። ገንዳውን ከጠረጠርክ ትንሽ ቀለም ጨምርበትና ውሃ ሳትለቅ ሩብ ሰዓት ቆይ፤ ቀለሙ ታች ከወረደ እሱ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧን አትናቅ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ማለት በዓመት 11,000 ሊትር ገደማ ነው፤ የሚከፍለውም ተከራዩ ነው። የውሃውን ግፊት ለማወቅ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሙላ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀ ጠዋት ተቸኩሎ ገላ መታጠብ የለም።

መብራት። የስልክህን ቻርጀር ይዘህ ሂድና ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ሞክር። ከዚያ የብሬከር ሳጥኑን ክፈት። 10፣ 16፣ 20 የሚሉ ቁጥሮች ታያለህ፤ አምፔር ናቸው። በቮልቴጁ ስታባዛቸው ያ መስመር የሚሸከመውን ዋት ታገኛለህ። 220 ቮልት ባለበት ባለ 10 አምፔሩ መስመር 2,200 ዋት ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ብቻውን ወደ 2,000 ይወስዳል። በዚያው መስመር ካውያ ከሰካህ፣ ሸሚዝህ ግማሹ ተተኩሶ ጨለማ ውስጥ ትቀራለህ።

እርጥበት በአፍንጫ ይታወቃል። በሩ እንደተከፈተ የሚመጣውን ሽታ ልብ በል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ አፍንጫህ ይለምደዋል። ቁም ሣጥን ካለ ጀርባውን እይ። ግድግዳው ሁሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እዚያ የተሸፈነ ነገር አለ። በእጅህ ጀርባ ንካው፤ ከሌላው ይበልጥ ከቀዘቀዘ ሻጋታው ከዝናብ ጋር ይመለሳል። መታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ካለው አንድ የሶፍት ቅጠል አስጠጋበት። ሶፍቱን ስቦ ካልያዘው ጌጥ ነው።

ሁለት ነገር ካየሁ ዋጋ ሳልጠይቅ እወጣለሁ። አንዱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰቀለ፣ ጭሱ ወደ ውጭ መውጫ የሌለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ሌላው መስኮቱ ሁሉ በፍርግርግ ብረት ታጥሮ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ነው። እሳት ቢነሳ በየት ትወጣለህ?

ድምፅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የውጭ ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። ይህ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው ማለት ይቻላል፤ ከተማ ውስጥ ብርቅ ነው። ስልክ ላይ የሚጫነው መለኪያ ግምት ቢሆንም ሁለት ቤት ለማወዳደር ይበቃል። ዋናው ግን በስንት ሰዓት እንደምትለካው ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ያየሁት እሑድ ስለነበር ከሥር ያለው ብየዳ ቤት ዝግ ነበር። ሰኞ ጠዋት የብረቱ መቁረጫ ሲጀምር አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ሳቅሁ። ምን ይደረጋል፣ ፈርሜያለሁ።

ለዕቃህ ሜትር ባትይዝ ስንዝርህ አለች። ቤት ሳለህ በማስመሪያ ለካት፤ የእኔ 22 ሳንቲ ሜትር ናት። የአልጋ ርዝመት እንግዲህ ዘጠኝ ስንዝር ገደማ ሆነ። ክፍሉን ብቻ ሳይሆን በሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ለካ። ቁም ሣጥን የሚቀረው ሁልጊዜ መታጠፊያው ላይ ነው።

ስልክም በሩን ዘግተህ ደውል። ኔትወርክ በረንዳ ላይ ብቻ የሚሠራባቸው ቤቶች አሉ። ከዚያ ስትወጣ ጎረቤት አንኳኩተህ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ «የቀድሞው ተከራይ ለምን ወጣ?» መልሱን ከቃሉ ይልቅ ከፊቱ ታነበዋለህ።

ያየኸውን እዚያው ደረጃው ላይ ጻፍ። ሦስተኛውን ቤት ካየህ በኋላ የየትኛው መስኮት የየትኛው ቤት እንደነበር ይጠፋሃል።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ተደራደር

አሁን መደራደሪያህን አውጣ። የቅጥር ደብዳቤህንና የደመወዝ ማረጋገጫህን ኮፒ ይዘህ ሂድ። አከራይን እንቅልፍ የሚነሳው የኪራዩ ማነስ ሳይሆን የወሩ ማለፍ ነው። «ደመወዜ በወሩ በዚህ ቀን ይገባል፤ ኪራዩም በሦስተኛው ቀን በባንክ ቋሚ ትእዛዝ በራሱ ይተላለፋል» በለው። ይህን ካለ በኋላ ቅናሽ የሚጠይቅ ሰው በባዶ እጁ ከሚጠይቅ ይልቅ ይደመጣል። ቅናሹን እንቢ ካለ የማስያዣውን መጠን አስቀንስ፤ ያም እንቢ ከሆነ ማስያዣውን በሁለት ጊዜ መክፈልን ጠይቅ።

የክፍያው ቀን ከደመወዝህ ቀን በፊት እንዳይሆን ግን አጥብቀህ ያዝ። ኪራይ በ25 ደመወዝ በ30 ከሆነ ዓመቱን ሙሉ አምስት ቀን በዕዳ ትኖራለህ። ደመወዝም የሚዘገይበት ወር አለ፤ ስለዚህ የሦስትና አራት ቀን ልዩነት ተውለት።

ደረጃ 6፦ ውሉ

በቃል የተባለ ሁሉ ወረቀት ላይ ይውረድ። ኪራዩ ስንት ነው፣ መቼ ይጨመራል፣ ከስንት ጊዜ ማስታወቂያ ጋር። ቧንቧ ሲፈነዳ ማን ያሠራል። ማስያዣው በምን ምክንያት ይቆረጣል፣ በስንት ቀን ይመለሳል። ሰውየው በእርግጥ ባለቤት መሆኑን የሚያሳይ ሰነድም ጠይቅ፤ ተከራይቶ የሚያከራይ ሞልቷል።

ማስያዣ ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን ከሦስት ወር ኪራይ በላይ መጠየቅን ትከለክላለች። እንግሊዝ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአብዛኛው ቤት አምስት ሳምንት ላይ ገድባዋለች። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ «ጆንሴ» በሚባለው አሠራር ተከራዩ ከባድ ገንዘብ አስቀድሞ አስይዞ ያለ ወርሃዊ ኪራይ ይኖርና ሲወጣ ገንዘቡን ይረከባል። አንተ ባለህበት ሕጉ ምን እንደሚል ለማወቅ ጠበቃ መቅጠር የለብህም። መሥሪያ ቤትህ የሕግ ክፍል አለው። እዚያ ያለች ባልደረባህን ውሉን አሳያትና አሥር ደቂቃ ለምናት።

የመንግሥት ሠራተኛ ውል ውስጥ ሳይገባ የማይታለፍ አንቀጽ አንድ ነው፤ ዝውውር። ነገ ተነስ ብትባል ቀሪውን የውል ዘመን ኪራይ ትከፍላለህ? በሲንጋፖር ውሎች «የዲፕሎማት አንቀጽ» የሚሉት አለ። በሥራ ምክንያት ከአገር የሚወጣ ተከራይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ወር ቆይታ በኋላ፣ የሁለት ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ውሉን ይጨርሳል። አሜሪካ ውስጥም በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የዝውውር ትእዛዝ የደረሳቸው ወታደሮች የቤት ውላቸውን ያለ ቅጣት እንዲያቋርጡ ይፈቅዳል። አንተም እንዲህ አጽፍ፦ «ተከራዩ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ፣ የደብዳቤውን ኮፒ አያይዞ የአንድ ወር ማስታወቂያ በመስጠት ያለ ቅጣት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ ማስያዣውም ይመለስለታል።» እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንቢ ያለኝ አከራይ እስካሁን አንድ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ አከራይህ ባለጉዳይህ አይሁን

ይህ ምክር ለሌላ ተከራይ አይሰጥም። ለአንተ ግን ይሰጣል።

መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ሰው ጥሩ ቤት አሳየኝ። ኪራዩን ከጠራው በአንድ አምስተኛ ቀነሰልኝ፣ ያውም ሳልጠይቀው። ደስ አለኝ። ቁልፉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና በመሃል አቆመው። «እናንተ ጋ አንድ ፋይል ነበረችኝ» አለ። «ተኝታለች። ትንሽ ብትቀሰቅሳት...» እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ። ቤት የቸገረው ሰው ያን ቁልፍ አለመቀበል ቀላል አይደለም፤ ደረጃውን ስወርድ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቤት እስካሁን የምመኘው በረንዳውን ነው። ጥሩ በረንዳ ነበረው።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት «እኛ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አለዎት?» ብለህ በግልጽ ጠይቅ። ከገባህ በኋላ የአከራይህ ፋይል ጠረጴዛህ ላይ ቢመጣ ለቅርብ አለቃህ በጽሑፍ አሳውቅና ለሌላ ሰው ይተላለፍ። የኪራይ ደረሰኞችህንም አስቀምጥ። ሰው ቢጠይቅ ከሰፈሩ ዋጋ በታች እንዳልኖርክ የሚያሳዩልህ እነሱ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ቁልፉን በተቀበልክበት ቀን

ዕቃ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የተበሳ ወለል ፎቶ አንሳ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውንም ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገህ አንሳ። ዕለቱኑ ለአከራይህ በስልክ ላክለት፤ ቀኑ እዚያ ላይ ይቀራል። የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር፣ አከራዩን አስፈቅደህ፣ ቀይር። ካንተ በፊት የነበሩት ስንት ኮፒ እንዳስቀረጹ ማን ያውቃል።

የቀረው ጽዳት ነው።

ደረጃ 9፦ ወሩን ማድረስ

ቤቱ ተገኘ። አሁን የሚቀረው በደመወዝ መካከል ያሉትን ቀናት መኖር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ትንሽ ሒሳብ አለች። ሰው ገንዘቡን በአራት ሳምንት ይከፍላል። ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ግን አራት ሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን ነው። ሰው የሚበደረው በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው። ለሳምንት አትከፋፍል፤ ለ31 ቀን አካፍለህ በቀን ኑር።

ደመወዝ በገባ ዕለት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኪራይ፣ የወር መጓጓዣ፣ የማይበላሽ አስቤዛ፣ ቁጠባ። የቀረው የኪስህ ነው። ባንክና ገበያ በዚያ ቀን ይጨናነቃሉ፤ ገበያውን በማግስቱ አድርገው።

አንድ የቢሮ እውነት ልንገርህ። ሁላችንም በአንድ ቀን ስለምንቀበል ሁላችንም በአንድ ሳምንት እንቸገራለን። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ከባልደረባ መበደር አይሠራም፤ እሱም አንተን እያየ ነው። አበዳሪ ከሆንክ ደግሞ ባይመለስ ወዳጅነታችሁ የማይናወጥበትን ያህል ብቻ ስጥ። የእኔ ልክ የሦስት ቀን ምሳ ነው። ለሠርግ፣ ለልደትና ለሐዘን የሚዞረውን መዋጮም በየወሩ ትንሽ አስቀምጥለት። መዋጮ ድንገተኛ ወጪ አይደለም፤ ቀኑ ያልታወቀ ቋሚ ወጪ ነው።

ቤት የምትጋራው ሰው ካለ፣ ጓደኛነቱን ሳይሆን የገቢውን ቀን ጠይቅ። ሁለታችሁም አንድ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ደመወዝ የዘገየ ወር ቤቱ በሙሉ ይጾማል። የመብራት ክፍያ አከፋፈል፣ እንግዳ የሚያድርበት ሁኔታና ማታ ድምፅ የሚቀነስበት ሰዓት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። የቢሮ ሰነድ ግን ጠረጴዛው ላይ አይደር። የማታምነው ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የአንተ አይደለምና።

ጠዋትህን ማታ ሥራው። አምስት ሸሚዝ እሑድ ተኩሰህ ስቀል። በሳምንት ሁለት ቀን አብዝተህ አብስል። የበሰለው ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ እዚያም ከሦስት አራት ቀን በላይ አይቆይ። ምሳህን ይዘህ መውጣት በወር የሚያተርፍልህን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈው፤ ሁለተኛ ማሳመን አያስፈልግም።

ጎረቤትህ የት እንደምትሠራ ማወቁ አይቀርም። ያኔ ማታ ማታ በርህ ይንኳኳል፤ «አንድ ጉዳይ ነበረኝ...» ማስረዳት ነውር የለውም። የትኛው መስኮት፣ ምን ሰነድ፣ ስንት ኮፒ እንደሚያስፈልግ ንገራቸው። ሰነዱን ከእጃቸው አትቀበል። አንዴ ከተቀበልክ ቤትህ ሁለተኛ ቢሮ ሆነ፤ ያውም ሰዓት የሌለው።

ደረጃ 10፦ የዝውውር ደብዳቤው ሲመጣ

ይመጣል። ደብዳቤውን በተቀበልክበት ቀን ኮፒውን ከማስታወቂያህ ጋር ለአከራይህ ስጥና በሁለተኛው ኮፒ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርምልህ አድርግ። የአንድ ወሩ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ፊርማ ነው። ለሚቀጥለው ተከራይ የሚሆን ሰው ከቢሮህ ካገኘህለት ማስያዣው ቶሎ ይመለሳል። በመጨረሻው ቀን ቤቱን ባዶውን ከአከራይህ ጋር እየዞርክ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች አውጣ፣ ቆጣሪዎቹን አንብቡ፣ ቁልፎቹን ቆጥረህ አስረክብ። እኔ ከሁለተኛው ቤቴ ስወጣ ሴትዮዋ ማስያዣዬን በፖስታ አድርገው ሰጡኝና አብረውኝ ቆጣሪው ጋ ወረዱ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሁሉን ቧንቧ ዘግተን፣ አሥር ደቂቃ ቆመን አየናት። ቀይዋ መዘውር ቆማለች።